ካዝና ሞልቶ ማስቀመጥ፦ ፒማግ ኤም 3 ከዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ ከርሞ

የጠመንጃ ካዝና ጥይት ሞልቶ ቢቀመጥ ሞላው አይደክምም። ቀድሜ ልበለው፤ ኤአር 15 ጠመንጃ እንዳለኝ የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነውና፦ «ካዝናውን ሞልተህ ነው የምታስቀምጠው? ሞላው አይሞትም?» አገር ቤት ክላሽ ይዘው ያደጉት አጎቴማ እስካሁን አላመኑኝም። ጥይቱ በየጊዜው ወጥቶ ሞላው ማረፍ አለበት ባይ ናቸው።

ሞላን የሚያደክመው ተጨምቆ መቀመጡ ሳይሆን ተደጋግሞ መጨመቁና መለቀቁ ነው፤ ወይም ከተሠራበት ልክ በላይ መጨመቁ። አዲስ ሞላ መጀመሪያ ሲጫን ጥቂት ያጥራል፣ ከዚያ ይረጋል። እንግዲህ በየወሩ ጥይት አውጥቶ መልሶ መክተት ማሳረፍ ሳይሆን ማሠራት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የካዝናው አፍ ነው። ጥይቶቹን ከላይ ይዘው የሚያስቀሯቸው ሁለቱ ጠርዞች ሲሆኑ፣ የሞላው ግፊት ቀንና ሌሊት የሚያርፈውም እነሱ ላይ ነው። የአሉሚኒየም ካዝና ሲወድቅ እዚያው ጋ ይጣመማል። ፕላስቲክ ደግሞ ሳይወድቅም በቋሚ ጫና ቀስ በቀስ ሊለጠጥ ይችላል፤ ሙቀት ሲታከልበት ይብሳል። ጠርዞቹ ትንሽ ከተከፈቱ ጥይት ሁለት ሁለት እየሆነ ይወጣል፣ ወይም ካዝናው አንድ ነገር ሲነካው የላይኛው ጥይት ተፈናጥሮ ይወድቃል።

ስለዚህ ፒማግ ኤም 3 የተባለውን የፕላስቲክ ካዝና ስገዛ ያየሁት አፉን ነው። ሠሪው ኩባንያ ማግፑል የመጀመሪያውን ፒማግ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። የያኔው ክዳን የላይኛውን ጥይት ወደ ታች ገፍቶ ጫናውን ከጠርዞቹ ላይ እንዲያነሳ ታስቦ የተሠራ ነው። የኤም 3ን ክዳን ግን ኩባንያው የሚያስተዋውቀው ከአቧራና ከምት መከላከያ አድርጎ ነው። የአሜሪካ ማሪን ኮር ይህንኑ ኤም 3 በ2016 መጨረሻ ላይ ተቀብሎታል። ወታደር ተቀበለው ማለት ግን ካዝናው የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚሆን አይነግረኝም።

ጥይቱ በጎን የሚታይባቸው ስድስት ባለ መስኮት ኤም 3 ካዝናዎችን ሠላሳ ሠላሳ ጥይት ሞልቼ፣ ግማሾቹን ከነክዳናቸው፣ ግማሾቹን ያለ ክዳን አስቀመጥኳቸው። ከጎናቸው ያገለገሉ ሁለት የአሉሚኒየም ካዝናዎች ጨመርኩ። ሁሉም ዙሪያው ጎማ ባለው የብረት ጥይት ሳጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ቤት ውስጥ ከረሙ። ጋራዥ ውስጥ አይደለም፤ የምኖረው ዳላስ አጠገብ ነው፣ እዚህ የበጋው ሙቀት 38 ዲግሪ ሲያልፍ የተዘጋ ጋራዥ ምድጃ ነው። ለፕላስቲኩም ለባሩዱም አይበጅም።

ከመሙላቴ በፊትና ካራገፍኩ በኋላ የአፋቸውን ስፋት በካሊፐር፣ ጥቃቅን ልዩነት በሚለካ መሣሪያ፣ ለካሁ። በስድስቱም ላይ እጄ ካሊፐር ሲይዝ ከሚፈጥረው ልዩነት ያለፈ ለውጥ አላገኘሁም። ክዳን ያለውና የሌለው እኩል ወጣ። እውነቱን ለመናገር ክዳኑ ያሸንፋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አሁን የምጠቀምበት ለአቧራ ብቻ ነው። ክዳኑ ካልወለቀ ካዝናው ጠመንጃው ላይ አይገባምና፣ በችኮላ ልጠቀምበት እችላለሁ የሚል ሰው ይህንን ያስብበት።

ከዚያ ተኩስ መለማመጃ ወሰድኳቸው። ሞላ መድከሙ የሚታወቀው በመጨረሻዎቹ ጥይቶች ነው፤ ያኔ ሞላው ተዘርግቶ ጉልበቱ የሚቀንስበት ሰዓት ነውና። ጥይቱ አልቆ ቦልቱ (ጥይት የሚያጎርሰው ተንቀሳቃሽ ብረት) ወደ ኋላ ተከፍቶ ካልቆመ አንዱ ተጠርጣሪ ሞላው ነው። የስድስቱም ፒማጎች ቦልቱን አቁመዋል፤ አንድም ጥይት አልተነከሰም። ሠላሳ ሞልቶ የተዘጋ ቦልት ላይ ማስገባት ግን ጠንከር ያለ ግፊት ይጠይቃል። ካስገቡ በኋላ ወደ ታች ሳብ አድርጎ መፈተሽ ነው። በድሮዎቹ የአሉሚኒየም ካዝናዎች ብዙ ወታደሮች 28 ብቻ ይሞሉ የነበሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከአሉሚኒየሞቹ አንዱ መዳፌ ላይ መታ ሳደርገው የላይኛውን ጥይት አፈናጠረው። አሮጌ ነው፣ አፉ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አላውቅም፤ ጥፋቱን በመቀመጥ ላይ አላሳብብም። ለልምምድ እንኳ አላስቀረሁትም።

ስለ ጥይቱ ደግሞ፦ ካዝና ውስጥ ዘይት አትርጩ። ዘይት ጥይቱን ወደሚለኩሰው ካፕሱል ሰርጎ ከገባ ጥይቱ ላይተኩስ ይችላል። አንድን ጥይት ደጋግሞ ማጉረስና ማውጣትም አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊገፋው ይችላል፤ ያ ሲሆን ሲተኮስ ግፊቱ ይጨምራል። እንዲህ የተመላለሰችዋን ጥይት ለይቼ መጀመሪያ እሷን እተኩሳለሁ። የኤም 3 ታችኛው ክፍል ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በቀለም እስክሪብቶ ቁጥር ለመጻፍ ይመቻሉ፤ እኔ ቁጥሩን ከሞላሁበት ወር ጋር ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኳት እሷን ነው።

ካዝናዎቹ የተሞሉ ናቸው፣ ጠመንጃው ግን ባዶ ነው፤ ሁለቱም ቁልፍ አላቸው። የቴክሳስ ሕግ የተሞላ መሣሪያ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅ እንዲገባ በቸልተኝነት የተወን ሰው ይቀጣል። ሐበሻ ቤት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የማን ልጅ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል? ሌላ ስቴት ያላችሁም ከመግዛታችሁ በፊት ሕጋችሁን አጣሩ፦ ኮሎራዶ በ2013 ባወጣው ሕግ ገደቡን 15 ጥይት አድርጋለች፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ከልክላለች።

ደግሜ ብገዛ ያንኑ ባለ መስኮቱን ነው። ከተራው ትንሽ ይወደዳል፤ ነገር ግን ጥይት ሳላወጣ ስንት እንደቀረ አያለሁ። የአሉሚኒየሞቹን ቦታ የሚይዙ ሁለት አዝዣለሁ፤ የስድስቱን አፍ በሚቀጥለው ክረምት መልሼ እለካለሁ።