ማዝዳ አርኤክስ 8፦ ባለ ሮታሪ ሞተር መኪና በአዲስ ባለቤት እጅ

ሌላ መኪና ብዙም ሳይጎዳ የሚሸከመው ልማድ፣ ማለትም ሞተሩን ሳያስጮሁ በዝቅተኛ ዙር መንዳት፣ ለአጭር መንገድ ብቻ ማውጣት፣ ዘይቱንም እስከሚቀጥለው ሰርቪስ ድረስ አለማየት፣ ማዝዳ አርኤክስ 8ን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። መኪናውን ያገለገለ ገዝቼ መንዳት ከጀመርሁ ወዲህ የደረስሁበት ፍርድ፣ ደካማ የሚል ስሙ በአብዛኛው የመጣው ከአያያዝ ነው የሚል ነው፤ አያያዙን ለመማር ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ግን የሚሰጠው ደስታ ከሌላ መኪና በቀላሉ አይገኝም።

አርኤክስ 8 እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ተመርቷል። ረኔሲስ የሚባለው ሮታሪ (ተሽከርካሪ) ሞተሩ 1.3 ሊትር ብቻ ሲሆን ፒስተንም ቫልቭም የለውም፤ በምትካቸው ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች በሞላላ ቤት ውስጥ እየዞሩ አየርና ነዳጁን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱንም ያስወጣሉ። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዋናው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ሐሳቡ የጀርመናዊው የፌሊክስ ቫንክል ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ሲተዉት ማዝዳ ግን ከ1967ቱ ኮስሞ ስፖርት ጀምሮ ይዞት ዘልቋል፣ በ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈውም ባለ አራት ሮተር በሆነችው 787ቢ የውድድር መኪና ነበር።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ክብደት ስለሌለ ሞተሩ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ የሚለሰልስ ይመስላል። በአውሮፓ የተሸጠው ባለ ስድስት ማርሽ ዓይነት 231 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ 8,200 ዙር ላይ ነው፤ መርፌው የዙሩ ወሰን ወደሆነው ቀይ መስመር፣ ወደ 9,000፣ ሲቃረብ ማርሽ እንዲቀየር የሚያሳስብ ድምፅ ይሰማል። በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱ ትንሽ በመሆኑ፣ ከቆመበት ተወርውሮ መነሣትን የሚወድ ሰው ይከፋዋል። ሞተሩ ትንሽና ቀላል ስለሆነ ግን ወደ ኋላ ተስቦ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ክብደቱም በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መጠን ተከፋፍሏል፤ በመታጠፊያ ላይ መሪው የሚሰጠው ስሜት ከመኪናው ሁሉ የምወደው ነው። የኋላ በሮቹ ወደ ኋላ ስለሚከፈቱ አራት ሰው እውነትም ይቀመጥበታል።

ዘይት መብላቱ ብልሽት አይደለም። በሮተሩ ማዕዘኖች ላይ ያሉት ማተሚያዎች፣ የፒስተን ፋሻን ሥራ የሚሠሩት ማለት ነው፣ ቤቱን እየታከኩ ስለሚሄዱ፣ አንድ ፓምፕ ጥቂት ዘይት እየለካ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይልካል፤ ያም ዘይት ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ስለዚህ ነዳጅ በተሞላ በየሁለተኛው ጊዜ የዘይቱን መጠን መለካት ግዴታ ነው፣ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛም አንድ ሊትር ዘይት ሁልጊዜ መኖር አለበት። የነዳጅ ፍጆታውን በተመለከተ ማጽናኛ የለኝም፤ በይፋ የተነገረው በ100 ኪሎ ሜትር ከ11 ሊትር በላይ ነው፣ የከተማ መንገድ ሲሆን ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ቀዝቃዛ ሞተር አስነሥቶ፣ መኪናውን ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሶ ወዲያው ማጥፋት ፈጽሞ አይገባም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብዙ ነዳጅ ስለሚረጭበት ያልተቃጠለው ቤንዚን ማተሚያዎቹን ያጥባል፣ እምቅታው ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አልነሣም ይላል። እንዲህ ሲሆን የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሪኖውን ማሽከርከር የነዳጁን መርጨት ያቋርጥና ክፍሎቹን ያደርቃል፤ ለዚህም ጥሩ ባትሪና ብርቱ ሞተሪኖ ያስፈልጋሉ። በአንጻሩ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ እስከ ቀዩ መስመር አቅራቢያ ማድረስ ካርቦን እንዳይጠራቀም ይረዳል፤ ይህ ከማውቃቸው የጥገና ሥራዎች ሁሉ አስደሳቹ ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ማቀጣጠያው ነው። ለካንዴላዎቹ የብልጭታ ኃይል የሚሰጡት አራቱ ኮይሎች ሲደክሙ ሞተሩ ወዲያው አይቆምም፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ማቀጣጠል ይስታል፣ ጉልበቱም ጥቂት ይቀንሳል፣ ሹፌሩም ይለምደዋል። ያልተቃጠለው ነዳጅ ግን የጭሱን መርዝ ወደሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፣ ኮንቨርተሩ ይቀልጣል ወይም ይደፈናል፣ መውጫ ያጣው ሙቀትም ተመልሶ ሞተሩን ይጎዳል። በርካሽ ዕቃ የተጀመረ ችግር ሞተር እስከ ማስፈታት የሚደርሰው እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ኮይሎቹን ሳይበላሹ በፊት በየጊዜው መቀየርን እመርጣለሁ። ካንዴላዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የታችኛውና የላይኛው ቦታቸው ሊለዋወጥ አይገባም፣ ይህንን የማያውቅ መካኒክም ሊነካቸው አይገባም። በዳሽቦርዱ ያለው የሙቀት ጠቋሚም አያስተማምንም፤ ሙቀቱ ከሚገባው በላይ እስኪያልፍ ድረስ መርፌው መሐል ላይ ስለሚቆይ ትክክለኛ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ማስገባት የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የኮምፕሬሽን (የእምቅታ) ምርመራ ውጤትን ይጠይቅ። ተራ መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ገጾች የሚበልጠውን ብቻ ስለሚያሳይ ደካማውን ይሸፍናል፤ እያንዳንዱን ገጽ ለይቶ የሚያነብ የሮታሪ መለኪያ ያስፈልጋል። የፋብሪካው ዝቅተኛ የግፊት ወሰን፣ ሞተሩ በደቂቃ 250 ዙር ሲሽከረከር፣ 680 ኪሎ ፓስካል ነው። ሞቆ ከጠፋ በኋላ ለመነሣት የሚያንገራግር መኪና ሻጩ ምንም ቢል ይቅር። ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ለመረዳት፣ ማዝዳ ራሱ በአሜሪካ ከ2004 እስከ 2008 ለወጡት ሞዴሎች የሞተሩን ዋስትና እስከ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ማራዘሙን ማስታወስ ይበቃል።

ምርጫ ካለ፣ ከ2009 ሞዴል ወዲህ የወጣውን ሁለተኛውን ዙር ምርት እመክራለሁ፤ በእያንዳንዱ ሮተር ላይ ሦስተኛ የዘይት መርጫ ስለተጨመረለት የማተሚያዎቹ ቅባት የተሻለ ነው። ማርሹም በእጅ የሚቀየረው ባለ ስድስቱ ይሁን፤ በአውቶማቲኩ ሞተሩ ያን ያህል ከፍተኛ ዙር ላይ ስለማይደርስ የመኪናው ትልቁ ደስታ ይቀራል።