ጎድን በባሕር ዳር፦ የበሬ ወይስ የበግ? ከሰል ወይስ ሸክላ?

ባሕር ዳር ላይ ሥጋ ቤት ገብቶ «አንድ ኪሎ ጎድን ጥብስ» ማለት ግማሽ ትእዛዝ ነው። የበሬና የበግ ጎድን በቁጥር እኩል ነው፣ በየጎኑ 13። ከዚያ ወዲያ የሚያመሳስላቸው ጥቂት ነው። ለአንዱ የሚስማማው እሳት ሌላውን ያበላሻል፤ ማባያውም ይለያያል። ለቸኮለ ሰው መልሱ ይህ ነው፦ ለከሰል ጥብስ የበግ ጎድን እዘዙ፤ የበሬውን ጊዜ ሲኖራችሁ ብቻ።

የበሬ ጎድን

ጣዕሙ ጠለቅ ያለ ነው፤ ጮማና ቀይ ተደራርቦ ይመጣል። ችግሩ ሥጋውን ከአጥንቱ ያጣበቀው ሽፋንና ጅማት ነው። ይህ በ20 ደቂቃ እሳት አይፈታም፣ እንዲያውም ይኮማተራል። ውጪው አምሮ የመጣ ጎድን አፍ ውስጥ የሚጎተተው ለዚህ ነው። የበሬው ዕድሜም አለ። ከእርሻ ተሰናብቶ የደለበ በሬ ጮማው ዓይን ይስባል፣ ጅማቱ ግን ጠንክሯል። ከመመዘኑ በፊት የአጥንቱን ጫፍ እዩ፦ ቀላ ያለና ቀዳዳ ቀዳዳ የሚታይበት ከሆነ ለጋ ነው፤ ነጭ፣ ደረቅና ጠጣር ከሆነ ዕድሜው ገፍቷል። ያኔ ጎድኑን ትታችሁ ጭቅና ወይም ሽንጥ ብታስጠብሱ ይሻላል።

የበሬ ጎድን ካማራችሁ ግን ቀድማችሁ ደውሉ። መጀመሪያ በሽንኩርትና በጨው ተቀቅሎ፣ ኋላ በከሰል ፊቱ ብቻ እንዲጠበስ ጠይቁ። ለቅቅሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስጡት። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቆላ ላይ የሚበቃው ሰዓት እዚህ አይበቃም። «ጣዕሙን ውሃ ወሰደው» የሚል አይጠፋም፤ መረቁ በኩባያ አብሮ ከመጣ ግን የባከነ ነገር የለም።

«የዛሬ ዕርድ ነው» የሚለው ቃልም ለጥሬ ሥጋ እንጂ ለጥብስ ምስክር አይሆንም። ከታረደ ከሰዓታት በኋላ ጡንቻው ይገተራል፣ የበሬ ሥጋ ተመልሶ እስኪላላ አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። በዚያ መሃል እሳት ያገኘው ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለጥብስ በማቀዝቀዣ አንድ ሌሊት ያደረው ይበልጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ከሆነ ይህን እርሱት።

የበግ ጎድን

ጎጃም የዋሸራ በግ አገር ስለሆነ ጥሩ የበግ ጎድን ማግኘት እዚህ አይከብድም። ሥጋው ስስ ነው፣ ጅማቱም ለጋ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከየት በኩል እንደሚቆረጥላችሁ ግን ተናገሩ። ከጀርባ አጥንት የቀረበው ወፈር ያለ ቀይ አለው፤ ወደ ፍርምባው የወረደው ስስና ስባም ነው። ካልተናገራችሁ የሚደርሳችሁ ምናልባት ሁለተኛው ነው።

የጠቦት ጎድን ቶሎ ይደርቃል። የሙክት ጎድን ደግሞ ስቡ ከሰሉ ላይ እየተንጠባጠበ ነበልባል ያስነሳል፣ ሥጋው ጥላሸት ይቀባና ይመርራል። መድኃኒቱ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ በአጥንቱ በኩል መጀመር ነው።

የኪሎ ሂሳብ

ሚዛኑ የሚነግራችሁ የጥሬውን ክብደት ነው። ከጎድን ሲሶ ያህሉ አጥንት ነው፤ ከቀረው ሩብ ያህሉን እሳቱ ይወስደዋል። አንድ ኪሎ ታዝዞ ሳህኑ ላይ የሚበላው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፣ ማባያ ካለ ለሁለት ሰው ይበቃል። ዋጋ ስታወዳድሩ የጎድኑን የኪሎ ዋጋ በአንድ ተኩል አባዙት፤ አጥንት ከሌለው ሥጋ ዋጋ ጋር የሚወዳደረው ያ ቁጥር ነው። መጥበሻው ለብቻው ይታሰብ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የበሬ ጎድን በመጥረቢያ ሲሰበር የአጥንት ስንጥር ሥጋው ውስጥ ይቀራልና በመጋዝ እንዲቆረጥ ማሳሰብ ደግ ነው።

ከሰል፣ ምጣድ፣ ሸክላ

ከአዊ የሚመጣው የዲከረንስ (የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ) ከሰልም ሆነ የባሕር ዛፍ፣ አመድ ለብሶ ነጣ እስኪል ካልተጠበቀ ጭሱ ሥጋው ላይ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ደጅ ያለውን ምድጃ ባንድ ወገን ያፋፍመዋል። ጎድኑ ግማሹ አርሮ ግማሹ ሳይበስል ከመጣ መልሱት።

ምጣድ ላይ በቅቤ፣ በሽንኩርትና በሥጋ መጥበሻ ቅጠል የሚሠራው ለተከታተፈ የበግ ጎድን ጥሩ ነው፣ የከሰሉን ሽታ ግን አይሰጥም። ሸክላ የሚያምረው ለወግ ነው፤ ከሥሩ ፍም ስላለ ሥጋው ገበታ ላይም መብሰሉን ይቀጥላል። ወሬ የሚወድ ማኅበር ሸክላ ካዘዘ ግማሹን ደርቆ ያገኘዋል። ፍሙ እንዲቀንስ አድርጉ፣ ወይም ሥጋውን ወደ እንጀራው አውጡት።

ማባያ

ስባም ለሆነው የሙክትና የበሬ ጎድን ሰናፍጭ ይቅደም፤ ስቡን የሚሰብር እሱ ነው። ኃይሉ የሚወጣው በውሃ ሲመታ ነው፣ ከዚያ እየበነነ ይሄዳል፤ ጠዋት ተመትቶ ክዳን ሳይኖረው የዋለ ሰናፍጭ ቀለም ብቻ ነው። ለደረቅ የጠቦት ጎድን አዋዜ ወይም ዳጣ፣ እርጥበት ስላላቸው። ሚጥሚጣ ለዚያ ሥጋ ድርቀት መጨመር ነው። አዋዜ ከመጠበሱ በፊት እንዳይቀባ ንገሯቸው፤ በርበሬው ከሥጋው ቀድሞ ያርራል። አይብና ጎመን በተለይ ቃጠሎ ለማይችል ሰው። እንጀራ ከሥር ይነጠፍ፣ የወረደውን ስብ የሚይዘው እሱ ነው።

ለብ ለብ የሚያዝዙ ይህን ይወቁ፦ እሳት ስለነካው ብቻ የኮሶ ትል እጭ አይሞትም፣ መሃሉ ድረስ መብሰል አለበት። የቄራ ማኅተም ያለበት ሥጋ ላይ መጽናት ይሻላል።

ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች ምናሌው በዓሣ የሚጀምር ከሆነ ጎድን ፍለጋ አትድከሙ፣ ቆሮሶ እዘዙ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጎድን የሚያቀርበው ቤት ጥቂት ነው፤ ሐሙስ ስትሄዱ ሥጋው የማክሰኞ ይሁን የረቡዕ ማታ ዕርድ ሳትጠይቁ አታስመዝኑ።