የሎዋር ሸለቆ ግንቦች፦ የቱሪስት አውቶብስ፣ የኪራይ መኪና ወይስ ባቡር?

ሰኔ ሲገባ ጥያቄው አንድ ነው። ፓሪስ ስለምኖር ዘመድ አዝማዱ ከዋሽንግተንም፣ ከስቶክሆልምም፣ ከአዲስ አበባም ይመጣል። ኤፌል ታወር ስር ፎቶ ተነስቶ ሲያበቃ «እነዚያ ግንቦችና የወይን እርሻዎች ያሉበት ወንዝ ጋ በምን ይኬዳል?» ይለኛል፤ የሎዋርን ወንዝ ማለቱ ነው።

መልሴ ተቀይሮ አያውቅም። በባቡር ቱር ከተማ ሂዱ። ጣቢያው አጠገብ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያ በባቡርና በብስክሌት ዙሩ። ከፓሪስ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚያደርገውን የቱሪስት አውቶብስ ግን አትግዙ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

አክስቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ነው። ላስደስታት ብዬ ለአንድ ሰው 189፣ ለሁለታችን 378 ዩሮ ከፈልኩ። ምሳ በራሳችን። ማስታወቂያው «ሦስት ግንብ በአንድ ቀን» ይላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ተመለስን። ከፓሪስ እስከ አንደኛው ግንብ እስከ ሻምቦር ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የቀኑ ግማሽ ወንበር ላይ አለቀ። ሸኖንሶ የሚባለው ግንብ ስንደርስ 50 ደቂቃ ተሰጠን። ከመግቢያው እስከ ግንቡ በትልልቅ ዛፎች መሃል የሚያልፍ ረጅም መንገድ አለ። አክስቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ቀስ እያልን ደረስን፣ መጸዳጃ ቤት ተሰለፍን፣ ወዲያው አስጎብኚው «እንሂድ» አለ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው በር ለማየት ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

በሳምንቱ በባቡር መልሼ ወሰድኳት። ከፓሪሱ ሞንፓርናስ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር ቱር አጠገብ ያለው ሳን ፒየር ደ ኮር ጣቢያ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ መሃል ቱር የአምስት ደቂቃ ባቡር ነው። ከቱር ሸኖንሶ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አካባቢ፤ የመንደሩ ጣቢያ ከግንቡ መግቢያ አፍንጫ ስር ነው። ዛፎቹ መሃል እያረፍን ሄድን። የሚያጣድፈን አልነበረም።

ሸኖንሶ የተሠራው ሼር በሚባለው የሎዋር ገባር ወንዝ ላይ ነው። ከውሃው በላይ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ አለው። ወለሉ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግራና ቀኙ መስኮት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች የሚታከሙበት ሆስፒታል ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ሼር ወንዝ ጀርመን የያዘችውን ፈረንሳይ ካልተያዘው የሚለይ ድንበር ሆነ። የግንቡ ዋና መግቢያ በተያዘው ወገን፣ የአዳራሹ የጫፍ በር ግን በነጻው ወገን ነበር። ሰዎች በዚያ በር አመለጡ። ይህን ስነግራት አክስቴ መራመድ ጀመረች፤ ጉልበቷንም ረሳችው። በሩ ጋ ስትደርስ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላ ውሃውን ስታይ ቆየች። ያን ቀን ሌላ ግንብ አላየንም። አልቆጨንም።

ወደ ሂሳቡ ልግባ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ባለፈው ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ስንሄድ ያወጣነው ይኸውና። ከፓሪስ ቱር ከተማ የባቡር ደርሶ መልስ፣ ቀደም ብለን ስለቆረጥን፣ ለሁለት 100 ዩሮ። (በመጨረሻው ቀን ከቆረጣችሁ እጥፍ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።) ሆቴል በቀን 85፣ ሁለት ሌሊት 170። የሸኖንሶ ባቡር ደርሶ መልስ ለሁለት 30 ገደማ። የግንቡ መግቢያ 36። ብስክሌት ለአንድ ቀን 36። የቪላንድሪ አትክልት ስፍራ 18። ድምሩ 390 ዩሮ። አውቶብሱ ለአንድ ቀን የበላኝ 378 ነበር። በ12 ዩሮ ልዩነት ሁለት ሌሊት፣ የወንዝ ዳር እራትና የጠዋት ገበያ ታገኛላችሁ። እራቱና ወይኑ ለብቻው ነው፤ እሱማ አውቶብሱም ላይ ለብቻው ነበር።

ቲኬት ላይ አንድ ነገር አደራ። አንድ ዘመዴ ስልኩ ላይ ፈልጎ መጀመሪያ ብቅ ያለለትን ድረ ገጽ ነካ። የግንቡ ፎቶ አለበት፣ አርማው ትክክለኛውን ይመስላል። 18 ዩሮ አካባቢ የሚሸጠውን ቲኬት በ31 ዩሮ ቆረጠ። «ሰልፍ የለበትም» ተብሎ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውኑ ሰልፍ አልነበረም። የግንቡን የራሱን ድረ ገጽ ፈልጉ፣ ወይም እዚያው መስኮቱ ላይ ግዙ።

ብስክሌትም እንደዚያው ነው። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው የብስክሌት መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አብዛኛው ሜዳ ነው። ከቱር ቪላንድሪ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያልለመደ ሰውም ይችለዋል። በመጀመሪያው ጊዜ 6 ዩሮ ላተርፍ ብዬ በ12 ዩሮ ተከራየሁ። መንገዱ ላይ ያለችው ሳቮኒዬር መንደር ከመድረሴ በፊት ካቴናው ሦስት ጊዜ ወለቀ። ሦስተኛው ላይ ካምቢዮው ተጣሞ ጎማው ውስጥ ገባ። በእጄ እየገፋሁ ሄድኩ። ጣቶቼ በግራሶ ጠቁረው፣ የአትክልት ስፍራውን ሳላይ ተመለስኩ። ያከራየኝ ሰው ደግሞ የጥገና 40 ዩሮ ከያዘው መያዣ ላይ ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሳልነዳ አልከፍልም። ሱቁ በር ላይ ካምቢዮውን ሁሉ ቀይሬ እሞክራለሁ፣ ሁለቱንም ፍሬን እይዛለሁ፣ ብስክሌቱን ከነጭረቱ ፎቶ አነሳዋለሁ። መንገድ ላይ ቢበላሽ የሚመጣልኝ ሰው እንዳለም እጠይቃለሁ። 18 ዩሮ የሚያስከፍለው ሱቅ ይመጣል።

መኪናስ? አራት ከሆናችሁ ወይም ትናንሽ ልጆች ካሉ እሺ። ለሁለት ሰው ግን አያዋጣም። ኪራዩ፣ ነዳጁ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያ፣ ካርዳችሁ ላይ የሚታገደው መያዣ፤ ሆቴል ሳይጨመር 200 ዩሮ ያልፋል። ደግሞም ሰው ሎዋር የሚሄደው ወይን ሊቀምስ ነው። በፈረንሳይ ለሹፌር የተፈቀደው አልኮል በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ አዲስ መንጃ ፈቃድ ላለው 0.2 ብቻ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ሲያይ ሊውል ነው።

ሻምቦርን የግድ ካላችሁ ከቱር ወደ ብሎዋ ከተማ በባቡር ሂዱ፤ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ከብሎዋ ጣቢያ ወደ ግንቡ የሚወስድ አውቶብስ አለ፣ ርካሽ ነው። ግንቡን የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ እ.ኤ.አ. በ1519 ያስጀመረው ነው። ሁለት ሰው በየራሱ ደረጃ ወጥቶ የማይገናኝበትን ጥምዝ ደረጃ ማየት ደስ ይላል። አብዛኞቹ ክፍሎች ግን ባዶ ናቸው። አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ሸኖንሶን ነው የምመርጠው። አምቧዝ የምትባለው ከተማ ለማደር ታምራለች፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ያረፈው እዚያ ነው፤ ሆኖም በበጋ ሆቴሉ ይወደዳል፣ ለባቡርም ቱር ይሻላል።

ወይኑን ከግንቦቹ ሱቅ አትግዙ። ከቱር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቩቭሬ የሚባል መንደር አለ። የአካባቢው ግንብ የተሠራበት ለስላሳ ነጭ ድንጋይ የተቆፈረበት ዋሻ ዛሬ የወይን ማከማቻ ነው። ውስጡ በነሐሴም ይበርዳል፤ ግድግዳው ልብስ ላይ እንደ ጠመኔ ይቀራል። ሽናን ብላን ከሚባል የወይን ፍሬ የሚሠራው የቩቭሬ ነጭ ወይን ደረቅም፣ ጣፋጭም፣ አረፋ ያለውም አለ። ጠጅ ለለመደ ምላስ መካከለኛውን፣ ዱሚ ሴክ የሚሉትን፣ እመክራለሁ፤ የማር ቃና አለው። እኔ ጠርሙሱን ከአምራቹ በ11 ዩሮ ገዛሁ፤ ያንኑ ጠርሙስ ቱሪስት ሱቅ ውስጥ በ19 አይቼዋለሁ።

ሸኖንሶ ስትሄዱ ከጣቢያው ሳትወጡ የመመለሻውን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው። እኔና አክስቴ አንዱ አምልጦን ቀጣዩን ሁለት ሰዓት ጠብቀናል።