ለጎጃም መንገድ የትኛው ዊልቸር? ሦስት ዓይነት ወንበሮች ሲፈተሹ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ዊልቸር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አንዱን ያገኛል። አንደኛው በየሆስፒታሉ ኮሪደር የሚታየው ተጣጣፊ ወንበር ነው። ሁለተኛው ከእግር ማሳረፊያው ቀድሞ የወጣ አንድ የፊት ጎማ ያለው፣ ለሸካራ መንገድ የተሠራው ባለሦስት ጎማ ዊልቸር ነው። ሦስተኛው በእጅ ፔዳል የሚነዳው ሳይክል ነው።

መመዘኛችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 20 ነው። ኮንቬንሽኑን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ተቀብሎታል፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 20 ስለ ወንበር እደላ አያወራም። ሰው በፈለገው ጊዜና በመረጠው መንገድ፣ አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ ራሱን ችሎ ይንቀሳቀስ ነው የሚለው፤ ጥራት ያለው መሣሪያ ያግኝ፣ አነዳዱንም ይሠልጥን ይላል። ስለዚህ ፎቶ ተነሥቶበት ቤት ጥግ የቆመ ዊልቸር ምንም ያህል አዲስ ቢሆን መመዘኛውን አያልፍም።

ተጣጣፊው ወንበር የተሠራው ለሴራሚክ ወለል ነው። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ቀጫጭን ናቸው፤ ቁመታቸው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ኮብልስቶን ላይ በድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት ይይዛቸዋል፤ በክረምት ዋልካ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ይሰምጣሉ። የኋላው አክስል ከተቀማጩ ትከሻ ወደ ኋላ ስለሚርቅ ብዙ ክብደት የሚያርፈው በእነዚሁ ትንንሽ ጎማዎች ላይ ነው። ጎማው ሲያዝ ወንበሩ ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ወደ ፊት ይወረወራል። የሸራው መቀመጫም ከጥቂት ወራት በኋላ ይረግባል፤ ያን ጊዜ ጭኖች ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፣ ወገብ ይጣመማል። ከመቀመጫው ሥር እንደ መስቀል የተጠላለፉት ብረቶች የሚገናኙበት ብሎን ከላላ ወንበሩ በአንድ ጎኑ መንጋደድ ይጀምራል።

ጥሩ ጎኑ ታጥፎ ባጃጅ ኋላ መግባቱና ሚኒባስ ላይ በቀላሉ መጫኑ ነው። ቤት ውስጥ ለሚውል፣ ሁልጊዜም የሚገፋው ሰው ላለው አረጋዊ በቂ ነው። ራሱ እየገፋ ገበያ መውጣት ለሚፈልግ ወጣት ግን አንመክረውም።

ለሞጣ፣ ለአዴትና ለዳንግላ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የምንመርጠው ባለሦስት ጎማውን ዊልቸር ነው። የፊት ጎማው ትልቅና ርቆ የወጣ ስለሆነ ጉድጓድ ሲያገኝ አይሰምጥም፣ ቁልቁለት ላይም ወደ ፊት አይደፋም። የኋላ ጎማዎቹ ብዙውን ጊዜ የብስክሌት ናቸው፤ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፣ ካላማዳሪውም ራጂውም ጎማውም ከብስክሌት ጠጋኝ ይገኛል። ከመረከባችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ 24 ወይም 26 ካለ መለዋወጫ አያስቸግራችሁም። እንግዳ ቁጥር ከሆነ አንድ እሾህ ለወራት ሊያስቀምጣችሁ ይችላል።

ድክመቱ ርዝመቱ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አይዞርም፣ ጠረጴዛ ሥር አይገባም፣ አብዛኛው ሞዴል አይታጠፍም። ባጃጅ ላይ ለመጫን የኋላ ጎማዎቹ ያለ ቁልፍ የሚወልቁ መሆናቸውን አረጋግጡ።

የእጅ ፔዳሉ ሳይክል ለረጅም መንገድ ነው። ሜዳማ በሆነው የባሕር ዳር አስፋልት ላይ ሁለቱንም ያስንቃል። ደብረ ማርቆስ ዳገት ላይ ግን አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ትከሻ ይጨርሳል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ፍሬኑ የፊት ጎማ ላይ ብቻ ከሆነ በእርጥብ መንገድ ይንሸራተታል። ወገቡን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ ለማይችል ሰው አይሆንም። ቤት ውስጥም ስለማይገባ ሌላ ወንበር ያስፈልጋል። ሁለተኛ ተሽከርካሪ ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

ከዓይነቱ በላይ የሚወስነው ግን ልኩ ነው። ብዙ ወንበር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ «ትልቅ ይሻላል፣ ይመቸዋል» ይባልና ሰፊው ይሰጣል። ሰፊ ወንበር ሰውን ወደ አንድ ጎን ያጋድለዋል፣ ክንድም ጎማው ላይ አይደርስም። አለካኩ ይሄ ነው። ሰውየው ጠንካራ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የዳሌው ስፋት የመቀመጫው ስፋት ነው። ጥልቀቱን ለማግኘት ከዳሌው ጀርባ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ለኩና ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፤ ካልቀነሳችሁ የመቀመጫው ጠርዝ ጉልበት ሥር ይቆርጣል፣ ሰውየውም ወደ ፊት እየተንሸራተተ ይጎብጣል። ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ተረከዝ ያለው የእግር ማሳረፊያውን ከፍታ ይሰጣል፤ ሲለካ የሚዘወትረው ጫማ እግር ላይ ይሁን። መጨረሻ ላይ ክንዶቹን ወደ ታች ይልቀቃቸው፦ የጣቶቹ ጫፍ የኋላው ጎማ አክስል አካባቢ መድረስ አለበት።

የመቀመጫውን ስፖንጅ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የአከርካሪ ጉዳት ደርሶበት መቀመጫው የማይሰማው ሰው ግን የመኝታ ቁስል ሊያወጣ የሚችለው በዚሁ ስፖንጅ ነው፤ ቁስሉም ሊገድል ይችላል። መፈተሻው እጅ ነው። ሰውየው እንደተቀመጠ ጣቶቻችሁን መዳፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ የሚወጣው የመቀመጫ አጥንት ሥር አስገቡ። ጣታችሁን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ማነቃነቅ ከቻላችሁ ደህና ነው። ማነቃነቅ ካልቻላችሁ ግን ስፖንጁ ይቀየር ወይም አጥንቱ በሚያርፍበት በኩል ይጎድጎድ። ተጣብቆ አልወጣ ካለ በዚያ ወንበር አንድ ቀን እንኳ አይዋልበት። ጥሩ ስፖንጅም ቢሆን ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ክብደትን ከመቀመጫ አጥንት ላይ ለማንሣት ወደ ፊት መደገፍን አያስቀርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎትን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል፦ መላክና ቀጠሮ፣ ምርመራ፣ መምረጥ፣ ገንዘብና ትእዛዝ፣ ማዘጋጀት፣ ማስተካከል፣ ሥልጠና፣ ክትትልና ጥገና። በእደላ ቀን ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ምርመራው፣ ሥልጠናውና ክትትሉ ናቸው። ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል ስላለ፣ ወንበር የሚለግስ ድርጅትም ቤተሰብም ከመግዛቱ በፊት ተጠቃሚውን ባለሙያ ዘንድ ቢያስለካ መኪና ሙሉ ወንበር ከማባከን ይድናል።

ጥገናው ከባድ አይደለም። በየሳምንቱ ጎማውን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰመጠ ይነፋ፣ ምክንያቱም የጎደለ ጎማ ያደክማል፣ ጎማውን ተጭኖ የሚይዘውም ፍሬን መያዙን ይተዋል። በየወሩ ብሎንና ዳዶ አጥብቁ፣ የላላ ራጂ ካለ አስወጥሩ፣ ፊት ጎማው አክስል ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር አውጡ። ከጭቃ በኋላ ኩሽኔታው ላይ ውኃ በኃይል አትልቀቁ፤ ግራሶው ይወጣና ቶሎ ይነክሳል። የተሰነጠቀ ብረት ላይ መቀመጥ አይቻልም፣ ዛሬውኑ ብየዳ ቤት ይሂድ።

ወንበሩ ደህና ሆኖ በሩ ካላስገባም ጉዞው እዚያው ያልቃል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ ይኑረው ብሏል። ነገር ግን «ራምፕ አለን» የሚሉ ብዙ ሕንፃዎች ያላቸው ደረጃው ላይ የተለሰነ ቁልቁል ሲሚንቶ ነው። ሒሳቡ 1 ለ12 ነው፦ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው አንድ ደረጃ 1.80 ሜትር ራምፕ፣ ለሦስቱ ደረጃ 5.40 ሜትር። ከዚያ ያጠረውን ያለ ረዳት የሚወጣው ጥቂት ሰው ነው። ልስላሴው ደግሞ በዝናብ ያንሸራትታል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሻካራ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

በብዛት የሚገዛ ድርጅት ከሻጩ የዓለም አቀፉ ደረጃዎች ድርጅት (አይ.ኤስ.ኦ) 7176-8 የጥንካሬ ፈተና ወረቀት ይጠይቅ። በዚህ ፈተና ወንበሩ ጉብታ ባላቸው ተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ 200,000 ዙር ይነዳል፣ ከዚያም 6,666 ጊዜ ከከፍታ ይጣላል። አንድ ወንበር ብቻ የሚረከብ ቤተሰብ ደግሞ ርክክቡ ላይ ከመፈረሙ በፊት ተጠቃሚውን ያስቀምጠው፣ የእጅ ፈተናውን ያድርግ፣ ደጅ አውጥቶ ኮብልስቶን ላይ ያስነዳው፣ ወንበሩ ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደሆነም ስልክ ቁጥሩን ይያዝ።