የእናቴ ሰፈር የውሃ ፓምፕ፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ዓሣ ቤት አስተያየት ይጽፋል። እኔ ስለ አንድ የእጅ ፓምፕ ልጽፍ ነው። ያለው ዘጌ ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል፣ እናቴ ቤት አጠገብ።

መጀመሪያ የመጣው ፓምፕ ሳይሆን ካፖርት ነበር። ገዳም ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች ከአጥቢያችን ካህናት ጋር ተዋወቁ። አገራቸው ሲገቡ ከቤተ ክርስቲያናቸው ልብስ ሰብስበው ላኩ። ወፍራም፣ የበረዶ አገር ካፖርት። ለጣና ዳር ሙቀት! እናቴ የደረሳትን እስከ ዛሬ የጠላ ጋን ታለብስበታለች። ጋኑ ተመችቶታል።

በዓመቱ ሲመለሱ መሪጌታ ሳይሽኮረመሙ ነገሯቸው። «ለልብሱ እግዜር ይስጥልን። ግን ሴቶቻችን የሚቀዱት ከሐይቁ ነው፤ ልጆቻችንን ብልሃርዚያ ጨረሳቸው።» ነገሩ ከዚያ ተጀመረ። «ሃይማኖት ሊያስቀይሩን ነው» ያለም አልጠፋም። መሪጌታ ግን የራሳችን ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ያቋቋመችው የተራድኦ ኮሚሽን ከውጭ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሲሠራ መኖሩን ነግረው አፍ አስያዙት።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚሉት ዓይነት ነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይስባል፤ የታሰበው ለ300 ሰው ያህል ነው። እጀታው ለልጅም አይከብድም። ሰዓት ይዤ ሞክሬዋለሁ፤ ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን በአንድ ደቂቃ ገደማ ትሞላለች። ውሃው ትንሽ ብረት ብረት ይላል። የዘጌ ቡና ሲፈላበት ግን አይታወቅም።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በመለዋወጫው ነው። አምና የውስጡ ጎማ አለቀ። ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ «ነገ ና» እያለ ሁለት ሳምንት አመላለሰኝ፤ በመጨረሻ የሸጠልኝም አልገጠመም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ሐይቁ ተመለሱ። ትክክለኛው ጎማ ሲገኝ ግን ባለሙያ አልተጠራም። ፓምፑ የሚፈታው በአንድ መፍቻ ነው፤ የውሃ ኮሚቴዋ ገንዘብ ያዥ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዘንጉን ራሷ መዝዛ አወጣችው። እኔ ጎማውን ይዤ ቆሜ አየሁ።

ፈረንጆቹ የጥገናውንም እንክፈል ብለው ነበር። ሴቶቹ እምቢ አሉ፤ በየወሩ ከየቤቱ ያዋጣሉ። ልክ ናቸው። ካፖርት የሚላከው ሰው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

አጠገቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የእምነበረድ ሰሌዳ አለ። ማንም አያነበውም፤ ግን ጀሪካን ለማሳረፍ ቁመቱ ልክ ነው።

ለምትሄዱ፦ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የሚከፈተው። እኔ ባለፈው እሑድ በእኩለ ቀን ሄጄ ገንዘብ ያዧን «እትዬ፣ አንዴ ይክፈቱልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ጎማ ያመላለስኩ ሰው ነኝ ብዬ ተማምኜ ነበር።

«ልጄ፣ 11 ሰዓት ና» አሉኝ፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ።