ያገለገለ አፕል ዎች ሲሪስ 2 ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ ፒያሳ ካሉት ሞባይል ቤቶች ባንዱ ያገለገለ አፕል ዎች ሲሪስ 2 በ6,000 ብር ገዝቻለሁ። ዕቃውን ወድጄዋለሁ። ግን ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ስለ አፕዴቱ ነው።

በጎ በጎውን ላስቀድም። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ ስልኬን ከቦርሳ ሳላወጣ ማን እንደደወለ እጄ ላይ አያለሁ። ወደ ጦሳ በእግር ስወጣ ደግሞ ያለ ስልክ መንገዴን ይመዘግብልኛል፤ ሲሪስ 1 ጂፒኤስ የለውም። ዝናብ አይፈራም። ባትሪው ግን ማታ ማታ ቻርጅ ይፈልጋል።

ሻጩ መስታወቱን አሳየኝ፣ ማሰሪያውን አሳየኝ። ሴቲንግ ውስጥ ስገባ ሰዓቱ ገና ዎችኦኤስ 3 (የሰዓቱ ሶፍትዌር አሮጌ እትም) ላይ ነው። «ይሠራል እኮ እህቴ፣ አፕዴቱ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

ብዙ ያደርግልኛል። በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ማቲ ቫንሆፍ የተባለ የቤልጂየም ተመራማሪ ክራክ የሚባለውን የዋይፋይ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ አደረገ። ሰዓትና ራውተር (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ሲገናኙ አራት መልእክት ተለዋውጠው መረጃቸውን የሚያመሰጥሩበትን ቁልፍ ይይዛሉ። አጥቂው ሦስተኛው መልእክት እንዲደገም ያደርጋል። ሰዓቱ ያንኑ ቁልፍ እንደ አዲስ ይጭነዋል፤ የመልእክት ቆጣሪውም ወደ መነሻው ይመለሳል። አንድ ቁልፍ ከነቁጥሩ ሲደገም ምስጢሩ መፈታት ይጀምራል። አጥቂው ፓስዎርዱን ማወቅ የለበትም፤ ስለዚህ ፓስዎርድ መቀየር አያድንም። ሰዓቱንም አይነካውም። ዋይፋዩ የሚደርስበት ቦታ ከተቀመጠ ይበቃዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ይህ ሰዓት ከአይፎኑ ሲርቅ፣ ስልኩ ቀድሞ የሚያውቀውን ዋይፋይ በራሱ ፈልጎ ይገባል። ስንቶቻችን ነን የየካፌውን ዋይፋይ ስልካችን ላይ ያጠራቀምነው? ነገሩን ማጋነን ግን አልፈልግም። በኤችቲቲፒኤስ (ድረ ገጾች መረጃን አመስጥረው በሚልኩበት መንገድ) የሚሄድ የባንክ መረጃ የራሱ ሌላ ምስጠራ አለው። ያልተመሰጠረው ነው የሚጋለጠው።

አፕል ለሲሪስ 1 እና 2 ቀዳዳውን የደፈነው በዚያው ወር መጨረሻ፣ በዎችኦኤስ 4.1 ነው። ስለዚህ 3 ላይ የቆመ ሰዓት እስከ ዛሬ ክፍት ነው። አፕዴት ሳይደረግ ብር አልከፍልም አልኩ። ሻጩ ቅር ቢለውም ፈቀደ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሰዓቱ ቻርጀር ላይ መሆን አለበት፣ ባትሪው ቢያንስ 50 በመቶ፣ አይፎኑም አጠገቡ ዋይፋይ ላይ። መሃል ላይ መብራት ሄደና እንደገና ጀመርን። ሱቁ ሊዘጋ ሲል አለቀ።

አሁን ዎችኦኤስ 6 ላይ ነው። ከዚህ በላይ አይሄድም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዎችኦኤስ 7 ሲሪስ 1 እና 2ን አይቀበልም። ክራክ ተደፍኗል፤ ነገ ለሚገኝ ሌላ ቀዳዳ ግን መድኃኒት አይመጣለትም። እኔ ዋይፋዩን ዘግቼ በብሉቱዝ ብቻ እጠቀመዋለሁ፤ ለጥሪና ለእግር ጉዞ ምንም አልጎደለብኝም።

6,000 ግን በዝቷል። አፕዴቱ ላቆመ ሰዓት ከ4,000 በላይ አትክፈሉ። ሻጩ «አዲስ ነው፣ አልተነካም» ካላችሁም ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ የዎችኦኤሱን ቁጥር በዓይናችሁ እዩ።