ኮሸር ለሚያከብር ሰው ምን ይዘን እንሂድ? ቸኮሌት፣ ወይን፣ ቡና ወይስ ቅርጫት

አሜሪካ የምትኖሩ ሰዎች፣ ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ፣ የሚያከብር አይሁዳዊ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ለዓርብ ራት ሲጠራችሁ ባዶ እጅ መሄድ ይከብዳል። ግን ምን ይገዛል?

ቤት የተሠራውን ከወዲሁ እናውጣው። ድፎው የቱንም ያህል ቢያምር፣ የተጋገረበት ዕቃ ኮሸር ስላልሆነ አይበሉትም። «የጾም ነው እኮ» ማለትም አያዋጣም። እነሱ ሥጋም ወተትም የሌለበትን ፓርቬ ይሉታል፤ ዕንቁላልና ዓሣ ግን እዚያ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ላይ ድስቱ ራሱ ኮሸር መሆን አለበት።

ስለዚህ ከታሸገው እንምረጥ። ሁሉም ቀድሞ የሚያነሳው ቸኮሌት ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እሱ ላይ ነው። ማሸጊያው ላይ በክብ ውስጥ ዩ ፊደል ካለች፣ ኦዩ የሚባለው ድርጅት አጽድቆታል። ከጎኗ ዲ ካለች ግን ወተት አለበት፣ ወይም ወተት በነካ መሣሪያ ተሠርቷል። ብዙዎች ሥጋ ከበሉ በኋላ ወተት ለመቅመስ 6 ሰዓት ይጠብቃሉ፤ የዓርብ ራት ላይ ደግሞ ሥጋ አይጠፋም። ቸኮሌታችሁ እናንተ እያላችሁ አይከፈትም ማለት ነው። ጥቁሩ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ዲ ያለበት ሞልቷል፤ ፓርቬ የሚለውን ፈልጉ። ብቻዋን የቆመች ኬ ፊደልን ግን ብዙ አትመኑ፤ ማንም ሊያትማት ይችላል።

ወይን ለሰንበት ማዕድ ክብር ነው፤ ቡራኬ ይደረግበታል። ሕጉም ጠበቅ የሚለው እሱ ላይ ነው። ማረጋገጫ ከሌለው አይነካም። ካለውም «ሜቩሻል» የሚል የተጻፈበትን ውሰዱ። በሙቀት ያለፈ ስለሆነ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ቢቀዳውም ችግር የለውም።

ቡና ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ምንም ያልተጨመረበት የተቆላ ቡና ያለ ምልክትም በብዙዎች ዘንድ ይፈቀዳል፤ ቫኒላ ምናምን ከገባበት ግን ምልክት ይፈልጋል። ከሥጋም ከወተትም ጋር አይጣላም። የታሸገ ይርጋጨፌ ወይም ሐረር ብትወስዱ ጨዋታም ይከፍታል። ቤት የቆላችሁትን ግን ተዉት፤ ምጣዱ ያው የናንተ ምጣድ ነው። እኔ ብሆን ቡናውን ነው የምይዘው።

የተዘጋጀ ቅርጫት ያምራል፤ ግን ብስኩቱ ምልክት ኖሮት አይቡ አይኖረውም። ከሱ ይልቅ ያልተቆረጠ ፖም ወይም ብርቱካን ይሻላል። ፍሬው ከእስራኤል የመጣ ከሆነ ግን የአሥራት ሕግ ስላለበት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

የትኛውን ምልክት እንደሚቀበሉ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ስጦታውን ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አድርሱ። በፋሲካቸው ሰሞን ደግሞ ብስኩትና ኬክን እርሱት፤ የታሸገ ነገር ስትገዙ ለፋሲካ የተፈቀደ የሚል ምልክት እዩ።